ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከአፕዴት በኋላ አልታይ ሲል፦ ከደሴ እስከ ቆቦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ላፕቶፑን ወደ ዊንዶውስ 11 ያሻገረ ሰው በዝቷል። ትናንት ያለ ችግር ይከፈት የነበረ ኤክስተርናል ግን ከአፕዴቱ ማግስት ቢሰኩት አይታይም፣ ቢታይም አይከፈትም። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ስቱዲዮዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ዲስክ ላይ የያዙ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የሱቅ ሒሳባቸውን በኤክሴል የሚይዙ ነጋዴዎች የሚያነሱት ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ ተሰብስቧል። አብዛኛው መልስ ስለ ዊንዶውስ ነው፤ ማክና ሊኑክስ ወደ ታች አሉ።

አፕዴቱ ፋይሌን አጥፍቶብኝ ይሆን?

ብዙውን ጊዜ አላጠፋም። አፕዴት የሚጽፈው ሲስተሙ በተጫነበት በሲ ድራይቭ ላይ ነው፤ ኤክስተርናሉ ውስጥ ያለውን ፎቶና ቪዲዮ የሚነካበት ምክንያት የለውም። የሚበላሸው ኮምፒውተሩ ዲስኩን የሚያውቅበት መንገድ ነው፦ የድራይቭ ፊደሉ ይለወጣል፣ ድራይቨሩ (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) በሌላ ይተካል፣ ወይም አጥፍተውት የነበረው የኃይል ቁጠባ ተመልሶ ይበራል። አንዳንዴ ደግሞ ዲስኩ ቀድሞውኑ ታሞ ነበር፤ አፕዴቱ ኮምፒውተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያጠፋና ሲያበራ ሕመሙ ወጣ እንጂ አፕዴቱ አላመጣውም።

ፋይል በእርግጥ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ በሰው እጅ ነው። አንደኛው መንገድ ዊንዶውስ «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ አለብዎት» ሲል እሺ ማለት ነው። ይህ መልእክት የሚናገረው ዊንዶውስ የዲስኩን ይዘት ማንበብ እንዳቃተው ብቻ ነው፤ ዲስኩ ባዶ ነው ማለት አይደለም። «ካንስል» ይበሉት። ሁለተኛው መንገድ የባሰ ነው፦ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ኤክስተርናሉ ተሰክቶ ይቀራል፣ ጫኚው የፓርቲሽኖቹን (ዲስኩ የተከፋፈለባቸውን ክፍሎች) ዝርዝር ሲያይ የውስጡ ዲስክ መስሎት የኤክስተርናሉን ይሰርዛል። ኮምፒውተር ለማስጫን ሲወስዱ ኤክስተርናሉን ቤት ይተዉት።

ከሁሉ በፊት ምን ልሞክር?

ሪስታርት ያድርጉ። «ሻት ዳውን» ብለው መልሰው ማብራት አይበቃም፤ በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ፋስት ስታርታፕ» የሚባለው ሲበራ ሻት ዳውን የሲስተሙን ውስጠኛ ክፍል አስተኝቶ ያስቀምጠዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም። ድራይቨሮች እንደ አዲስ የሚነሡት በሪስታርት ነው።

ከዚያ ኬብሉ። በብዙ ኤክስተርናሎች ላይ ያለው ያ ጠፍጣፋና ሰፋ ያለው የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ቶሎ ይላላል፤ መብራቱ እየበራ ዳታው የማያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ሌላ ኬብል ይዋሱና ይሞክሩ። ቀጥሎ ፖርቱን ይቀይሩ። የዩኤስቢ 2 ፖርት የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር፣ የዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ሚሊ አምፒር ነው፤ የሚሽከረከር ትንሽ ዲስክ ግን መሽከርከር ሲጀምር ወደ 1 አምፒር ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ በዩኤስቢ ማባዣ በኩል ወይም በዴስክቶፕ ፊት ለፊት ባለው ፖርት አይሰኩት፤ ከኋላ፣ ቦርዱ ላይ ባለው ፖርት በቀጥታ ይሰኩት።

ጆሮዎን ያቅርቡ። ለስላሳ የመሽከርከር ድምፅ ደህና ነው። መሽከርከር እየጀመረ የሚያቆም ከሆነ ኃይል አንሶታል። በየሰከንዱ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ከሆነ የማንበቢያው ራስ ተጎድቷል፤ ወዲያው ይንቀሉት፣ ከዚህ በታች ካለው ውስጥም አንዱንም አይሞክሩ፣ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ጥያቄ ይውረዱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ነው። አፕዴት ባልተደረገ የጎረቤት ላፕቶፕ ላይ ከተከፈተ ችግሩ የእርስዎ ኮምፒውተር ነው፤ እግረ መንገድዎን ዋና ዋናውን ፋይል እዚያው ይገልብጡ። በሁለት ኮምፒውተር ላይ እምቢ ካለ አፕዴቱን መውቀስ ይተዉት።

መብራቱ ይበራል፣ ሲሰካም ድምፅ ይሰጣል፣ «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ግን የለም። የት ገባ?

የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና የኤክስን ቁልፍ አብረው ይጫኑ፤ ከሚመጣው ዝርዝር «ዲስክ ማኔጅመንት»ን ይምረጡ። ወደ ታች ወርደው ዲስክዎን በመጠኑ ይለዩት። 1 ቴራባይት የተባለው 931 ጊጋባይት ገደማ ሆኖ ይታያል፤ አይደንግጡ፣ አቆጣጠሩ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የሚወሰነው በሚያዩት ነገር ነው።

ፓርቲሽኑ «ሄልዚ» እያለ ፊደል ብቻ ከሌለው ቀላሉ ገጥሞዎታል። ፓርቲሽኑ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ኤንድ ፓዝስ»፣ «አድ»፣ ከዚያ ፊደል መምረጥ። ከፊደል ተራው መጀመሪያ ያሉትን ይተዉ፤ ካርድ ማንበቢያና ፍላሽ ይሻሙባቸዋል። ወደ መጨረሻው ያለ ፊደል ከሰጡት ሌላው አይደርስበትም። ዊንዶውስ የትኛው ዲስክ የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚመዘግበው በራሱ ውስጥ ስለሆነ እንደ አዲስ ሲጫን ያንን መዝገብ ያጣዋል። በፈረንጆቹ 2019 በግንቦት የወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት እንዲያውም ኤክስተርናል ወይም ሜሞሪ ካርድ በተሰካበት ኮምፒውተር ላይ አልጫንም ብሎ ነበር፤ ምክንያቱ ይኸው የፊደል መደበላለቅ ነው።

ለቪዲዮ አቀናባሪዎች፦ ዲስኩ እየተከፈተ ፕሮጀክቱ ግን ቪዲዮዎቹን «አላገኘሁም» ካለ ፋይል አልጠፋም። ፕሮግራሙ የሚፈልገው በድሮው ፊደል ነው። ዲስኩን ወደ ድሮ ፊደሉ ይመልሱት፤ የ3 ሰዓት ሰርግ ክሊፕ በክሊፕ ከማገናኘት ይድናሉ።

«ኦፍላይን» ካለ በግራ በኩል የዲስኩ ስም ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ኦንላይን» ይበሉት። አንዱን ዲስክ እንዳለ ወደ ሌላ ክሎን አድርገው ሁለቱንም አብረው ከሰኩ ሁለቱ አንድ መለያ ስለሚይዙ ዊንዶውስ አንዱን ኦፍላይን ያደርገዋል። ኦንላይን ሲሉት አዲስ መለያ ይጽፍበታል፤ ክሎኑ ሲስተም የሚነሣበት ከሆነ አንዱን መንቀል ይሻላል።

«ሮው» ካለ ፓርቲሽኑ አለ፣ የፋይል ሲስተሙ (የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘገብበት ሥርዓት) ግን አልተነበበም። «አንአሎኬትድ» ካለ የፓርቲሽን ሰንጠረዡ ጠፍቷል ወይም አልተነበበም። «ኖት ኢኒሻላይዝድ» ካለ ደግሞ ዊንዶውስ የዲስኩን መጀመሪያ ማንበብ አልቻለም። በሦስቱም ጊዜ ዊንዶውስ «ኢኒሻላይዝ ላድርግ? አዲስ ቮልዩም ልፍጠር?» እያለ ይጠይቃል። መልሱ በሦስቱም «አይ» ነው። መጀመሪያ ኬብልና ኮምፒውተር ይቀይሩ፤ ካልሆነ «ቴስትዲስክ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የጠፋውን ፓርቲሽን ይፈልጋል፣ አብሮት የሚመጣው «ፎቶሬክ» ደግሞ ፋይሎቹን ብቻ ለቅሞ ያወጣል። ፎቶሬክ የፋይል ስምና ፎልደር አይጠብቅም፤ 20,000 ፎቶ በቁጥር ተሰይሞ ይጠብቅዎታል። ያም ሆኖ የሚወጣው ፋይል በሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፣ በፍጹም በዚያው ላይ አይሁን።

ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥም የለም። አሁንስ?

ያው የዊንዶውስና የኤክስ ቁልፍ፣ ከዚያ «ዲቫይስ ማናጀር»። ቢጫ ምልክት ያለበትን ይፈልጉና ሁለቴ ይጫኑት፤ ኮዱን ይነግርዎታል። ኮድ 28 ድራይቨር የለም ማለት ነው። ኮድ 10 ዕቃው መነሣት አልቻለም ነው። ኮድ 43 ዕቃው ራሱ ችግር እንዳለበት ሲናገር ነው፤ ይህ ከኬብልና ከኃይል ማነስም ይመጣልና ኬብሉን ሳይቀይሩ ድራይቨር ፍለጋ አይውጡ።

መፍትሔው፦ ከላይ «ቪው» ውስጥ «ሾው ሂድን ዲቫይስስ»ን ያብሩ። «ዲስክ ድራይቭስ» እና «ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ ኮንትሮለርስ» ሥር የዚያን ዲስክ ስምና ደብዘዝ ብለው የሚታዩ የቆዩ መዝገቦቹን አንድ በአንድ «አንኢንስቶል» ያድርጉ። ይህ ድራይቨርን እንጂ ፋይልን አያጠፋም። ዲስኩን ነቅለው ሪስታርት፣ ከዚያ መልሶ መሰካት። የዴስክቶፕ ኪቦርድና ማውስዎ በዩኤስቢ ከሆኑ ኮንትሮለሮቹን በጅምላ አያጥፉ፤ ማውሱም አብሮ ይሄድና እጅዎን አጣጥፈው ይቀራሉ።

ሌሎቹ ዩኤስቢዎችም ካስቸገሩ የቦርዱን ቺፕሴት ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ያውርዱ። «ድራይቨር በአንድ ጊዜ አዘምናለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አይጫኑ፤ ካርድዎን ይበላሉ፣ ማስታወቂያ ይጭናሉ።

ይከፈታል፣ ግን ኮፒ ሳደርግ መሃል ላይ ይጠፋል

ከአፕዴት በኋላ ከሆነ የመጣው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኃይል ቁጠባው ነው። «ኮንትሮል ፓነል»፣ «ፓወር ኦፕሽንስ»፣ «ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ»፣ «ቼንጅ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ዩኤስቢ ሴቲንግስ» ሥር «ሰለክቲቭ ሰስፔንድ»ን ያጥፉ። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ መስመር የለም፤ ያኔ በዲቫይስ ማናጀር «ዩኤስቢ ሩት ሃብ»ን ከፍተው «ፓወር ማኔጅመንት» ውስጥ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። ሩት ሃቡ ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉንም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ መብራት ነው። የራሱ 12 ቮልት አስማሚ ያለው ትልቁ ኤክስተርናል ከዲቫይደር ላይ ተሰክቶ መብራት ሄድ መጣ ሲል ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ዲስኩ ግን በመጻፍ ላይ እያለ ይወድቃል። ዩፒኤስ ካለ ዲስኩንም እሱ ላይ ይሰኩት፤ ከሌለ ትልቅ ኮፒ መብራት በሚያስቸግርበት ሰዓት አይጀምሩ። 1 ቴራባይት በዩኤስቢ 3 በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢሄድ 3 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ በዩኤስቢ 2 ከሆነ ከ8 ሰዓት በላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በፈረንጆቹ 2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ቅጽ 1809 ጀምሮ ኤክስተርናል በነባሪ «ኩዊክ ሪሙቫል» ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ማለትም የሚጻፈው ሜሞሪ ላይ ሳይከማች ቶሎ ወደ ዲስኩ ይወርዳል። ይህ ግን ኮፒ እየተደረገ መንቀልን አይፈቅድም። «ኢጀክት» ማለት ምንም አያስከፍልም።

«አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» ይለኛል። የራሴ ፎልደር አይደለም እንዴ?

የእርስዎ ነው፣ አዲሱ ዊንዶውስ ግን አያውቅዎትም። የድሮው ዊንዶውስ ፈቃዱን የጻፈው በስምዎ ሳይሆን በድሮ አካውንትዎ መለያ ቁጥር ነው፤ እንደ አዲስ ሲጫን ስምዎ ያው ቢሆንም ቁጥሩ ሌላ ነው። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሴኩሪቲ»፣ «አድቫንስድ»፣ ከላይ «ኦውነር» ጎን «ቼንጅ»፤ የአሁኑን አካውንት ስም ጽፈው ከሥር ያሉትን ፎልደሮችም እንዲጨምር የሚለውን ምልክት ያድርጉ። ብዙ ፋይል ካለ ይቆያል፤ መሃል ላይ አያቋርጡት።

ዓመታት ሳይጠይቀኝ የኖረ ዲስክ አሁን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ

ዲስኩ በ«ቢትሎከር»፣ በዊንዶውስ የራሱ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ነው፤ ድሮም ነበር። ኮምፒውተሩ ቁልፉን ይዞ ራሱ ይከፍትልዎ ስለነበር አላወቁትም፤ ሲስተሙ ሲታደስ ያንን ቁልፍ ጣለው። የይለፍ ቃሉን ካላስታወሱ ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ያስፈልጋል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ፣ በታተመ ወረቀት ወይም በጽሑፍ ፋይል ተቀምጦ ይገኛል። ላፕቶፑን ያስነሣልዎት ባለሱቅ በራሱ ኢሜይል ከፍቶልዎት ከሆነ ቁጥሩ በእሱ አካውንት ውስጥ ሊሆን ይችላልና ሄደው ይጠይቁት። የይለፍ ቃሉም ቁጥሩም ከሌሉ የሚከፍተው ባለሙያ የለም፤ «እከፍታለሁ» ብሎ ቀብድ ለሚጠይቅዎት አይክፈሉ።

ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ

ይህ የአፕዴት ሥራ አይደለም፤ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወይም ከኢንተርኔት ካፌ በፍላሽ የመጣ ቫይረስ ነው። እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት ይተክላል፤ ሾርትከቱን የከፈተ ሁሉ ቫይረሱን ያስነሣል። ሳይከፍቱ በ«ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ዲስኩን ሙሉ ስካን ያድርጉ። ከዚያ በፎልደር «ኦፕሽንስ»፣ «ቪው» ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርገው፣ የሲስተም ፋይሎችን የሚሰውረውንም ምልክት ያንሱ። ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ፤ ወደ ንጹሕ ዲስክ ይገልብጧቸው።

ማክ ላይ ነኝ፤ ይነበባል ግን አይጻፍበትም

ዲስኩ በዊንዶውስ «ኤንቲኤፍኤስ» ፎርማት የተደረገ ነው። ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም፤ ከአፕዴት በፊት ይጽፍ ከነበረ በተጨማሪ ፕሮግራም ነበርና ያ ፕሮግራም ለአዲሱ ሲስተም መታደስ አለበት። ሁለቱንም የሚጠቀም ሰው ፋይሉን ካወጣ በኋላ ዲስኩን «ኤክስፋት» ቢያደርገው ይሻለዋል፤ «ፋት32» ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ጭራሽ የማይታይ ከሆነ፣ በፈረንጆቹ 2022 ከወጣው ቬንቹራ ከተባለው የማክ ሲስተም ወዲህ አፕል የራሱን ቺፕ በገጠመባቸው ላፕቶፖች ላይ አዲስ ዕቃ ሲሰካ ፈቃድ ይጠየቃል፤ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ይመልከቱ።

ሊኑክስስ?

«ዊንዶውስ ተኝቷል፣ አልከፍትም» የሚል መልእክት ካመጣ ዲስኩ ተሰክቶ እያለ በፋስት ስታርታፕ የተዘጋ ነው። ወደ ዊንዶውስ ይመልሱት፣ ሪስታርት፣ ኢጀክት፣ ከዚያ ወደ ሊኑክስ። በግድ መክፈት ፋይል ያበላሻል።

«ቼክ ዲስክ» ላስነሣ?

ፋይልዎን ወደ ሌላ ዲስክ ከገለበጡ በኋላ ብቻ። ቼክ ዲስክ፣ የዊንዶውስ የዲስክ መመርመሪያ፣ የሚያስተካክለው የፋይል ሲስተሙን መዝገብ እንጂ ፋይልዎን ለማዳን አይደለም፤ ያልገባውን ቆርጦ ይጥላል። ዲስኩ በአካል ከታመመ ደግሞ የሰዓታት ንባቡ ሊጨርሰው ይችላል። መጀመሪያ «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» በሚባለው ፕሮግራም ጤናውን ይዩ። 05፣ ሲ5 እና ሲ6 በሚባሉት መስመሮች መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር በሙሉ ዜሮ ካልሆነ የዲስኩ ገጽ እየተበላሸ ነውና ዋናውን ፋይል አስቀድመው ያውጡ። ሲ7 ብቻ ከጨመረ ብዙውን ጊዜ ኬብል ወይም ግንኙነት ነው።

ከፍታና ብርድ ይጎዱታል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን በሁሉም ቦታ አይደለም። የሚሽከረከር ዲስክ ማንበቢያ ራሱ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለሆነ አየር ሲሳሳ ወደ ገጹ ይቀርባል፤ የብዙ አምራቾች የሥራ ወሰን 3048 ሜትር ነው። ደሴና ላሊበላ 2500 ሜትር ገደማ ናቸውና ችግር የለም። ወደ ለጋምቦ ከፍታዎች ለቀረጻ ወይም ለጥናት የሚወጣ ግን ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረውን ዲስክ) ይያዝ፤ ኤስኤስዲ የሚንሳፈፍ ነገር የለውም። ብዙዎቹ ኤክስተርናሎች የሚሠሩበት ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ በብርድ ያደረ ዲስክ ሞቅ ካለ ክፍል ሲገባ ውስጡ ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ። በባቲና በቆቦ ሙቀት ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ደርበው አያስቀምጡት።

አፕዴቱን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል?

ከ10 ወደ 11 ከተሻገሩ በ10 ቀን ውስጥ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ሪከቨሪ»፣ «ጎ ባክ» ይሠራል። ወርሃዊ አፕዴት ከሆነ «ዊንዶውስ አፕዴት»፣ «አፕዴት ሂስትሪ»፣ «አንኢንስቶል አፕዴትስ»። ዲስኩ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደሚሠራ ሳያረጋግጡ አይመልሱ፤ የደኅንነት መድፈኛውንም አብረው ነው የሚያነሱት።

ጥገና ቤት ስወስደው ምን ልበል?

«ፋይሉን ነው የምፈልገው፣ ፎርማት እንዳይደረግ» ብለው ወረቀት ላይ ጽፈው ዲስኩ ላይ ይለጥፉ፤ «አስተካክሉልኝ» ብቻ ካሉ ፎርማት አድርጎ የሚሠራ ባዶ ዲስክ የሚመልስልዎት አይጠፋም። የዲስኩን ሞዴልና የሞከሩትን ሁሉ ይንገሩ። ከሽፋኑ አውጥተው በሌላ ሽፋን እንሞክር ካሉዎት ሞዴሉን አስቀድመው ያጣሩ፤ በአንዳንድ «ማይ ፓስፖርት» ዲስኮች ላይ የዩኤስቢ ቦርዱ ራሱ ዳታውን ስለሚቆልፈው ከቦርዱ የተለየ ዲስክ አይነበብም፣ አንዳንዶቹም ዩኤስቢው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ሌላ ሽፋን አይገቡም። ቦርዱን በምንም መንገድ እንዳይጥሉት ይንገሯቸው። «ጠቅ ጠቅ» የሚለውን ዲስክ ሱቅ ውስጥ በጠረጴዛ ላይ ክዳኑን ፈተው «የማንበቢያ ራሱን እናነሳዋለን» ካሉ ዲስኩን ይዘው ይውጡ፤ ያ ሥራ የሚሠራው አቧራ በተጣራበት ክፍል ብቻ ነው፣ ክዳኑ አንዴ በተራ ክፍል ከተከፈተ የቀረውን ፋይል የማውጣት ዕድሉ እጅግ ይቀንሳል።